የአቶ ካሣሁን ቀናነት ጉዳይ

ካሣሁን ሊቀመንበር የመሆን ምኞት ኖሮት አያውቅም። ምኞቱን በልቡ ያሳደሩበት ሌሎች ናቸው። በኬንያ ዋና ከተማ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ዘጠኝ ዓመት ሲቀመጥ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር። ጠዋት ሲወጣ ጥበቃውንም፣ ሕፃኑንም፣ ድመቷንም እኩል ሰላም ይላል፤ የጉድጓዱ ውኃ ፓምፕ በቆመ ቁጥር ደግሞ ማንም ሳይጠራው መፍቻውን ይዞ ይወርዳል። በአየር መንገድ ጭነት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ማሽን የት ጋ እንዳመመው ከድምፁ ያውቃል ይሉታል።

የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ኩለሱም ወደ ላቪንግተን ሰፈር ልትዛወር ዕቃዋን ስትሸክፍ፣ በሕንፃው የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «በእኔ ቦታ ምዜ ካሣሁን ቢሆኑስ?» ብላ ጻፈች። ኬንያውያኑ ዕድሜ የጠገበን ሰው በአክብሮት ምዜ ነው የሚሉት። ከአሥራ ስድስቱ ቤት አሥሩ ወዲያው አውራ ጣታቸውን ላኩ። ካሣሁን ስልኩን ለመደወል ካልሆነ አይነካውምና ወሬውን የሰማው ከልጁ ከሚርያም ነበር።

«አባዬ፣ ኮንግራትስ! ቼርማን ልትሆን ነው።»

«የምን ቼርማን?»

«የፍላቱ ነዋ! ኤቭሪባዲ አንተን ነው የሚፈልገው።»

«ተይ እስቲ፣ እኔ ለዚህ አልሆንም» አላት። አላት እንጂ በዚያን ቀን ጢሙን ሁለት ጊዜ ተላጨ።

በማግስቱ ምዋሊሙ ሙቱኩ ጻፈ። ምዋሊሙ ማለት በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው፤ ሰውየው ሠላሳ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ ወጥቶ፣ ምድር ቤት ብቻውን ይኖራል። ሊፍቱ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንኳ ስሕተት ካለበት በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ከታች ማርክ ይሰጠዋል። በግሩፑ ላይ የማኅበሩን ደንብ ሰባተኛ አንቀጽ ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ። አንቀጹ፣ ሊቀመንበሩ ከሁለት ዓመት በላይ የኖረ፣ አእምሮው ጤነኛ የሆነና አፕራይት የሆነ ነዋሪ ይሁን ይላል። ከሥሩ ምዋሊሙ እንዲህ ብሎ አከለበት፦ «ለጎረቤቴ ካለኝ ታላቅ አክብሮት ጋር፣ ሚስተር ካሣሁን አፕራይት አይደሉም።»

የካሣሁን ባለቤት እህተማርያም መሃል ከተማ ካለው የልብስ ሱቋ ስትመለስ መልእክቱን ያነበበችው ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ቤት የገባችው ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ነው።

«ጉድ! ጉድ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገኸው ነው?»

«ማንን?»

«አፕራይት አይደለም ይልሃል! አፕራይት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጻድቅ ማለት ነው! ባለፈው በእንግሊዝኛ የሰበኩት ቄስ ስንት ጊዜ ነው ያሉት!» መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው ላይ አውርዳ በጣቷ ፈለገች። «ይኸው! ቀና፣ ቅን፣ ሐቀኛ። ባሌ ቀና አይደለም ነው የሚለው። ቀንቶ ነው! ራሱ ቀንቶ ነው!»

«እማዬ፣ ቺል» አለች ሚርያም ከሶፋው ላይ ሳትነሣ። «እሱን ማለቱ አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመ ማለትም እኮ ነው። ላይክ… ስለ ጀርባው ነው የሚለው።»

እህተማርያም መዝገበ ቃላቱን ዘጋች።

የካሣሁን ጀርባ በዚያ ቤት ተነሥቶ የማያውቅ ወሬ ነው። የአውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሻንጣውንም፣ የአበባ ካርቶኑንም፣ አስከሬኑንም ጎንበስ ብለህ ነው የምትገፋው። ካሣሁን አርባ ዓመት ሳይሞላው ከወገቡ በላይ ወደ ፊት ጎብጦ ቀርቶ ነበር፤ ሲሄድ ላየው ሰው መሬት ላይ የጣለው ነገር ያለ ይመስላል። ኮት ሲያሰፋ ልብስ ሰፊው ሳይነገረው ከኋላ ትንሽ ይጨምርለታል። በቃ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም።

አሁን ግን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ተሟገቱለት። እናቲቱ ስለ ጠባዩ፣ ልጂቱ ስለ ጀርባው። እሱ መሃል ተቀምጦ የትኛው ይበልጥ እንደሚያም መዘነ። ጠባዬን ከሆነ ሐሰት ነው፣ እከራከራለሁ አለ በልቡ። ጀርባዬን ከሆነ ግን እውነቱን ነው፤ በምን አፌ እመልስለታለሁ?

ጠዋት ከሥራ በፊት ወርዶ የምዋሊሙን በር አንኳኳ።

«ምዋሊሙ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ስለ ጠባዬ ነው ወይስ ስለ ጀርባዬ?»

ምዋሊሙ ደነገጠ። «ስለ ጠባይዎ? እግዜር ይቅር ይበልዎ! እኔ እርስዎን በጠባይ ልከስ? ይግቡ፣ ይግቡ።»

«እንግዲያው ስለ ጀርባዬ ነው።»

«ስለ ጀርባዎም አይደለም፤ ስለ ቃሉ ነው።» መነጽሩን አድርጎ ትልቅ መዝገበ ቃላት ከጠረጴዛው ላይ ሳበ። «ይህ ቃል መጀመሪያ የቆመ ነገር ማለት ነበር። ምሰሶ፣ ግድግዳ። ወደ ሰው ጠባይ በውሰት የገባው ኋላ ነው። ደንቡ በጠባዩ አፕራይት የሆነ ቢል ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። በጠባዩ አላለም። ያልተጻፈውን እንዴት እናነባለን? ፒያኖ አፕራይት የሚባል አለ። ኃጢአት የሌለበት ፒያኖ ማለት ነው?»

«አይመስለኝም።»

«ፍሪዘርም አፕራይት አለ።»

«የእኛ ቤቱ የሚተኛው ዓይነት ነው» አለ ካሣሁን፣ ለምን እንደ ተናገረው ለራሱም ሳይገባው።

ሻይ ጠጥተው ተለያዩ። ካሣሁን መዝገበ ቃላቱን በውሰት ተሸክሞ ወጣ። ሊቆጣ ነበር የወረደው፤ ሰውየው እንዲህ ሲያከብረው ቁጣው የት እንደገባ ጠፋበት።

በሦስት ቀን ውስጥ ግሩፑ ላይ ከአራት መቶ በላይ መልእክት ተጻፈ። ሕንፃው የጠባይ ወገንና የጀርባ ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ እህትማማቾች በዚህ ምክንያት ተኳርፈው ለየብቻ ገበያ መውጣት ጀመሩ። ካሣሁን ሊፍት ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ሳይታወቀው ትከሻውን ወደ ኋላ ይስባል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር እንኳ እሱን ስታይ ቀጥ ለማለት ስትታገል አይቶ በሚቀጥለው ቀን በደረጃ ወረደ።

በመጨረሻ ሂሻም ጣልቃ ገባ። ሂሻም የሞምባሳ ሰው፣ ጠበቃ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር ቤት ይኖራል። ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ዕጩው በሁለቱም ይፈተን፣ በአንዱ ካለፈ ይበቃዋል፤ ፍትሐዊ እንዲሆን ደግሞ ነዋሪው ሁሉ አብሮ ይፈተን ብሎ ጻፈ። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት፣ ፓርኪንግ።

ሕንፃውን የሚንከባከበው ኬርቴከር ወፉላ ድሮ ግንበኛ ነበር። በእሑዱ ስብሰባ ቱንቢውን ይዞ መጣ። አዎ፣ ያንኑ ግድግዳ የሚለካበትን፣ ክር ላይ የተንጠለጠለውን ብረት። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ሂሻም ግን የሚለካ ነገር እያለ በዓይን መፍረድ አግባብ አይደለም ሲል ሳቁ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። ሕጉ ተነገረ። ሰውየው ተረከዙን ከግድግዳው ያስጠጋል፤ ክሩ ከጆሮው ሥር ይለቀቃል፤ ብረቱ ከቁርጭምጭሚቱ ስንት ጣት እንደሚርቅ ይለካል። ስንት ጣት ይፈቀድ በሚለው ላይ ሃያ ደቂቃ ተከራክረው ሁለት ጣት ላይ ተስማሙ። ባለ ታኮ ጫማ ይውለቅ አይውለቅ በሚለው ሌላ አሥር ደቂቃ ሄደ።

ኩለሱም አራት ጣት ወጣች። ሂሻም ራሱ አምስት። እህተማርያም ትንፋሿን ውጣ ቆማ ሦስት ተኩል። ሚርያም «ሲሪየስሊ?» እያለች ስድስት ወጣችና እናቷ በስልኩ ምክንያት ነው ብላ እዚያው ተቆጣቻት። ምዋሊሙ ሙቱኩ ደረቱን ነፍቶ ቆመ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የተማሪ ደብተር ላይ ያቀረቀረ አንገት ግን አልታዘዝ አለው፤ ሰባት ጣት። «እንደገና ለካ» አለ። ወፉላ እንደገና ለካ። ስምንት።

የካሣሁን ተራ ደረሰ። ተረከዙን አስጠጋ። ወፉላ ክሩን ሲለቅ ብረቱ ከእግሩ በጣም ርቆ፣ ከጫማው አፍንጫ አልፎ፣ አየር ላይ ተወዛወዘ። ወፉላ በአንድ እጁ አልበቃ ብሎት በሁለቱም ለካ። «ፖሌ፣ ምዜ» አለው በጆሮው፤ አዝናለሁ ማለቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጣት።

ካሣሁን እፍረት ይሰማኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። የተሰማው ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ጀርባውን የለካለት ሰው አልነበረም፤ ልኩን ዛሬ ገና አወቀ። አሥራ ዘጠኝ ጣት፤ ያን ሁሉ ሸክም አስቦ፣ ይህን ያህል ብቻ ነው እንዴ አለ በሆዱ።

በዚህ መሃል የአሥራ አንድ ቁጥሩ ሰውዬ ወረደ። ይህ ሰው ሰላም አይልም። ቆሻሻውን በበረንዳ ይወረውራል። መኪናውን ሁለት ቦታ ላይ አጋድሞ ያቆማል። የወረደውም ስብሰባው መኪናውን ስለዘጋበት ነው። «አንድ ጊዜ እዚህ ይቁሙ» አለው ሂሻም። ቆመ። ወፉላ ክሩን ለቀቀ። ክሩ ከጆሮው እስከ ተረከዙ በትከሻው፣ በዳሌው፣ በጉልበቱ ላይ ለጥ ብሎ ወረደ፤ ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን ነክቶ ቆመ። ወፉላ በሙያው ተደነቀ። «እንዲህ ያለ ግድግዳ እንኳ ሠርቼ አላውቅም» አለ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ገና ነው» አለ ሂሻም ፈጠን ብሎ። «ሁለተኛው ትርጉም አለ። አሁን ደግሞ በጠባይ እንጠየቃለን። እያንዳንዱ ሰው አፕራይት ነኝ ወይም አይደለሁም ብሎ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

ይህኛው ቀላል ሆነ። ኩለሱም የስ አለች። እህትማማቾቹ የስ አሉ። ምዋሊሙ የስ አለ። እህተማርያም ነጠላዋን አስተካክላ «የስ፣ ቬሪ!» አለች። የአሥራ አንድ ቁጥሩ ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል የስ አለ። ከዚያ ካሣሁን ተጠየቀ።

የስ ሊል ነበር። ይህን ያህል ሰው ያለውን ማለት ምን ይገድዳል? ግን እኔ ቀና ነኝ ብሎ መናገር፣ ተነሥቶ የቄስ ካባ ለብሶ አደባባይ እንደ መውጣት ሆነበት። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ይላል? በየትኛው አፉ?

«አይደለሁም» አለ።

«ምዜ፣ ጥያቄው ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። እኔ ኃጢአተኛ ሰው ነኝ። ረቡዕ ዕለት ኤርፖርት የሥጋ ሳምቡሳ በልቻለሁ።»

«እሱ እኮ ጥፋት አይደለም» አለ ሂሻም።

«ለእኛ ረቡዕ ጾም ነው። ደግሞ ማታ ባለቤቴ ጾምክ ወይ ስትለኝ ጾሜያለሁ ብያታለሁ።»

ሠላሳ የሚሆን ሰው አንድ ላይ ዞሮ እህተማርያምን አየ። እህተማርያም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሚርያም «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ» ብላ መኪና ኋላ ተደበቀች።

ሂሻም እስክሪብቶውን አንሥቶ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሲያስብ፣ ኩለሱም ጉሮሮዋን ጠረገች። «የእኔን የስ መልሱልኝ» አለች። «ባለፈው ዓመት ለግቢው የተገዛውን የጽጌረዳ ችግኝ የእኔ በረንዳ ላይ ነው የተከልኩት።» ከዚያ ከእህትማማቾቹ አንዷ የሌላይቱን ሽቶ ስትቀባ መክረሟን ተናገረች። ወፉላ ነዋሪ ስላልሆነ የጠየቀው የለም፤ እሱም ግን ቱንቢውን መሬት ላይ አኑሮ፣ ኳስ ባለበት ቀን የውኃውን በርሜል ሳያይ አየሁ እያለ እንደሚፈርም አመነ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይከተላል፤ የስ ብሎ የነበረው ከሞላ ጎደል ሁሉም እጁን እያወጣ የስውን መለሰ።

ምዋሊሙ ሙቱኩ መጨረሻ ላይ ተነሣ። መነጽሩን አወለቀ። «ወንበሩን ፈልጌው ነበር» አለ። «ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ የሚያዳምጠኝ ሰው ፈልጌ ነው። ቃሉን ሰበብ አደረግሁት።» ወደ ካሣሁን ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገ። «በቃሉ ግን አሁንም ትክክል ነኝ።»

«ይሁን፣ ትክክል ነዎት» አለ ካሣሁን።

የስ እንዳሉ የቀሩት እህተማርያምና ከስልኩ ቀና ያላለው የአሥራ አንድ ቁጥሩ ሰውዬ ብቻ ናቸው። እሷ ተናዳ ስለነበር ይሁን ረስታው አይታወቅም። ሂሻም ግን መዝገቡን ደምሮ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እህተማርያም በአንደበት ብቻ አልፋለች፤ ሁለቱንም ፈተና ያለፈ፣ በቱንቢም በአንደበትም አፕራይት የሆነ አንድ ነዋሪ ብቻ ነው። ከሁሉ አብልጦ ያሟላ እሱ ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት ሊቀመንበሩ የአሥራ አንድ ቁጥሩ ሰውዬ ነው።

ፓርኪንጉ ላይ ድንጋጤ ወደቀ። «ደንቡን እናሻሽል!» አለች ኩለሱም። «ቃሉን እንሰርዘው!» አሉ እህትማማቾቹ በአንድ አፍ፤ ከሳምንት በኋላ መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው።

«ቃል አይሰረዝም!» ብሎ ጮኸ ምዋሊሙ። «በሕይወቴ ቃል ሰርዤ አላውቅም፤ አርሜ ነው የማውቀው። ጨምሩበት እንጂ አትሰርዙ።» ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣና ደንቡ ላይ፣ አፕራይት ከሚለው ቀጥሎ፣ በሚያምር ጽሕፈት ሁለት ቃል ጨመረ። አሁን አንቀጹ እንዲህ ሆነ፦ ሊቀመንበሩ ከሁለት ዓመት በላይ የኖረ፣ አእምሮው ጤነኛ የሆነና አፕራይት የሆነ ወይም ያልሆነ ነዋሪ ይሁን።

እጅ ወጣ። አሥራ አምስት ቤት ደገፈ። የአሥራ አንድ ቁጥሩ ሰውዬ «አለቀ? መኪናዬን ላውጣ» አለና ወጥቶ ሄደ። ካሣሁን በያልሆነ በኩል ሊቀመንበር ሆነ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ ተጻፈ። እሱም ወዲያው ምዋሊሙ ጸሐፊ ይሁን አለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሕንፃው የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል የሚለው ሳይቀር፣ ሁለት ገጽ ነው።

እህተማርያም ሰኞን፣ ማክሰኞን አኩርፋ ዋለች። በረቡዕ ምሳውን በሦስት ሳህን ከፋፍላ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሰጥታ ዓይን ዓይኑን እያየች እስኪጨርስ ተቀመጠች። ሐሙስና ዓርብ ግን ኩርፊያው ሌላ መልክ ያዘ። ታስባለች። ልብስ ታጥፍና መሃል ላይ ትቆማለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካሣሁን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት። ከንስሐ አባቷ ዘንድ ቆይታ መጣች፤ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ምነው ቆየሽ?»

«ተናዘዝኩ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ቀና ነኝ ብያለሁ አልኳቸው። በሰው ሁሉ ፊት።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«በምን ቋንቋ አልሽ አሉኝ። በእንግሊዝኛ አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ እንዴት አልሽ፣ ቃል በቃል ንገሪኝ አሉ። የስ፣ ቬሪ ነው ያልኩት አልኳቸው።»

ካሣሁን መሪውን ያዘ።

«የስ ላልኩት ሰባት ስግደት ሰጡኝ» አለች። «ለቬሪው ሠላሳ ሦስት።»

ሳቁ ከሆዱ ወጣ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ጥሩምባው እስኪጮህ ድረስ ሳቀ፤ በአጠገባቸው የሚያልፉ ምዕመናን ዞረው አዩት። እህተማርያም «ዝም በል፣ ሰው ያያል» እያለች በነጠላዋ ተሸፍና እሷም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እንባውን ጠርጎ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እጁን ያዘችው።

«የት ልትሄድ? ውረድ።»

«ምነው?»

«ስለ ሳምቡሳው አልነገርኳቸውም። እሱ የራስህ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመው እየጠበቁህ ነው።»

ካሣሁን በመስኮቱ አየ። እውነትም አባ መስቀላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ኮቱን ቆለፈና ወረደ።